የውኃ ብክለትን በአንቲቦዲ መለየት

አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የሰውና የእንስሳት ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚይዘው ከቅርጹ ጋር የሚገጥመውን ሞለኪውል ነው። ይህን ጠባይ መጀመሪያ ለልኬት የተጠቀመበት ሕክምናው ነበር፤ ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ለክተውበታል። የእነርሱ ዘዴ ጨረር አመንጪ ምልክት ይፈልግ ነበር። በ1971 የታወቀው ኤላይዛ የተባለው የምርመራ ዘዴ ግን ምልክቱን ቀለም በሚሰጥ ኢንዛይም ስለተካው ምርመራው ቀለለ፤ ወደ አካባቢ ጥበቃም ተሻገረ።

እንደ አትራዚን ያለ የአረም ማጥፊያ ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን አንቲቦዲ አያስመነጭም። ስለዚህ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ጥንቸል ወይም አይጥ ይወጋበታል። የተገኘው አንቲቦዲ በፕላስቲክ ሳሕን ጉድጓዶች ውስጥ ይለጠፋል። የውኃው ናሙና ኢንዛይም ከተያያዘበት አትራዚን ጋር ሲጨመር ሁለቱ ለአንቲቦዲው ይሻማሉ። ጉድጓዱ ታጥቦ ቀለም ሰጪው ፈሳሽ ሲገባ፣ ቀለሙ በፈዘዘ መጠን ብክለቱ ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል። በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 ማይክሮ ግራም በታች የሆነ መጠን እንኳ በዚህ መንገድ ይታያል፤ በአንድ ጊዜም በርካታ ናሙናዎች ይመረመራሉ።

ድክመቱ አንቲቦዲው ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን አንዳንዴ አለመለየቱ ነው። የአትራዚን አንቲቦዲ ፕሮፓዚን የተባለውን ዘመዱንም ሊይዝ ይችላል። በውኃው ውስጥ ያለ ጨው ወይም የበሰበሰ ዕፅዋት ቅሪትም ውጤቱን ያዛባል።

ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን ያለመለየቱ ድክመት ግን ማይክሮሲስቲን በተባለው መርዝ ላይ ጥቅም ይሆናል። መርዙን የሚያመነጩት በሐይቅ ላይ አረንጓዴ ሆነው የሚንሳፈፉ ሳያኖባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የመርዙ ዓይነት ከ200 ይበልጣል። አብዛኞቹ ግን አዳ የተባለ የጋራ ክፍል አላቸው። ይህን ክፍል የሚያውቅ አንቲቦዲ እነዚህን በአንድነት ይይዛል። በነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ.) ከኢሪ ሐይቅ ውኃ በምትቀዳው የአሜሪካዋ ቶሊዶ ከተማ በኤላይዛ ምርመራ በአንድ ሊትር ከ1 ማይክሮ ግራም በላይ መርዝ ስለተገኘ፣ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ለሦስት ቀን ገደማ የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጡ ታዘዋል። ማፍላትም መርዙን ስለማያጠፋ አልረዳም። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 የኤላይዛን ዘዴ ለመጠጥ ውኃ መመርመሪያነት አሳትሞታል።

ኤላይዛ የሚነግረው የመርዙን ጠቅላላ መጠን ነው፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን አይለይም። በመሆኑም ብዙ ናሙናዎች በቅድሚያ በኤላይዛ ይጣራሉ፤ አጠራጣሪዎቹ ደግሞ እያንዳንዱን ሞለኪውል በክብደቱ ወደሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ይላካሉ።