የአፍ ቁስል ያለ ጠባሳ፣ የቆዳ ቁስል ግን ከነጠባሳው የሚድነው ለምንድን ነው?

ምግብ ስንመገብ ጉንጫችንን ከውስጥ በኩል ብንነክሰው ቁስሉ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል፤ ከጊዜ በኋላም ስፍራውን ለይቶ ማግኘት ያስቸግራል። በአንጻሩ እጃችንን ቢላዋ ቢቆርጠው ወይም እሳት ቢያቃጥለው፣ ጉዳቱ ጠለቅ ያለ ከሆነ ምልክቱ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ልዩነት ከሚጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በሁለቱ ስፍራዎች የሚገኙት የአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ሕዋሳት ጠባይ ነው።

የፋይብሮብላስት ሕዋሳት ተግባር

ከቆዳም ሆነ ከአፍ የላይኛው ሽፋን ሥር አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ይገኛል። ይህንን ክፍል የሚገነቡትና የሚጠግኑት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ሕዋሳቱ ኮላጅን የተሰኘውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያመርታሉ፤ በኢንዛይም አማካይነትም ያረጀውን ያስወግዳሉ። አካል ሲቆስል ወደ ስፍራው ተጉዘው በመራባት ክፍተቱን ይሞላሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ማዮፋይብሮብላስት ወደሚባሉ፣ የመኮማተር ኃይል ወዳላቸው ሕዋሳት ተለውጠው የቁስሉን ጠርዞች ያቀራርባሉ።

የሁለቱ ልዩነት

የመጀመሪያው ልዩነት ከመነሻቸው ይጀምራል። የአፍ ፋይብሮብላስቶች በአብዛኛው የሚመነጩት በጽንስ ጊዜ ኒውራል ክረስት ከተባሉ ሕዋሳት ነው። የእጅ፣ የእግርና የደረት ቆዳ ፋይብሮብላስቶች ግን ሜሶደርም ከተባለው የጽንስ መካከለኛ ንብር ይገኛሉ።

ሁለተኛው በቁስል ወቅት የሚያሳዩት ምላሽ ነው። በቆዳ ቁስል ላይ ብግነቱ ረዘም ያለ ሲሆን፣ ቲጂኤፍ ቤታ 1 የተባለው ኮላጅን እንዲመረት የሚያነሣሣ ፕሮቲንም በብዛት ይገኛል። በዚህም የተነሣ ኮላጅኑ ጥቅጥቅ ብሎ በአንድ አቅጣጫ ይደረደራል፤ ጠባሳ የምንለውም ይህንኑ ነው። በአፍ ውስጥ ብግነቱ ቶሎ ይበርዳል፤ ሕዋሳቱም ትርፍ ኮላጅንን በተሻለ ፍጥነት አፍርሰው ስፍራውን መልሰው ያደራጃሉ።

ምራቅም ቁስሉን በማርጠብና የዕድገት ፕሮቲኖችን በማቅረብ ያግዛል። ሆኖም ሕዋሳቱ ከአካል ውጭ በቤተ ሙከራ ሲያድጉም ልዩነታቸውን ይዘው ስለሚቆዩ ምክንያቱ ምራቅ ብቻ አይደለም።

ለጤናችን ያለው ትርጉም

ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። ጆሮ ከተበሳ፣ ከተቃጠለ ወይም ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ በቆዳ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በአፍ ውስጥ ግን እጅግ ብርቅ ነው። በመገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠር የቃጠሎ ጠባሳም እንቅስቃሴን እስከመገደብ ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም ኅብረተሰቡ የሚከተሉትን እንዲያደርግ ይመከራል፦

• የተቃጠለን አካል ወዲያውኑ ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሌላ ባዕድ ነገር አለመቀባት፤
• ከዚህ ቀደም ኬሎይድ የወጣበት ሰው ከቀዶ ሕክምና ወይም ጆሮ ከመበሳት በፊት ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ፤
• ትምባሆ የቁስልን መዳን ስለሚያዘገይ ከማጨስ መቆጠብ።

የአፍ ቁስል ቶሎ መዳኑ የተለመደ በመሆኑ፣ ሳይድን መቆየቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ይገባል።