አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው

መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማንቸስተር ሲቲ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የሲቲው አማካይ ሮድሪ የማዕዘን ምት ላይ ተጋፍቶ ቀኝ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ጥቅምት 18 ቀን የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ባሎን ዶርን ሊቀበል መድረክ የወጣው በክራንች ነው። ሜዳ ላይ እንደገና የታየው ግንቦት 12 ቀን፣ ልክ በስምንተኛ ወሩ። የተበጠሰበት በጉልበት ውስጥ ያለ፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መስቀለኛ ጅማት ነበር።

አማርኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት ይላቸዋል። ሐኪሞች ሁለተኛውን ሊጋመንት ብለው ይለዩታል። በግ አርዶ የበለተ ሰው ያውቀዋል፦ ቢላው ሥጋውን አልፎ መገጣጠሚያው ጋ ሲደርስ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እልኸኛ ነገር ይይዘዋል። እሱ ካልተቆረጠ አጥንቶቹ አይላቀቁም።

ሊጋመንት በዋናነት የሚሠራው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ክሮቹ እንደ ገመድ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ሲላሉ እንደ ሞገድ ይታጠፋሉ። ሲሳቡ መጀመሪያ እጥፋቱ ይዘረጋል፣ ቀጥሎ ይከርራሉ፣ ከዚያ ካለፈ ይበጠሳሉ። ሥራው ግን ማሰር ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች መገጣጠሚያው እንዴት እንደታጠፈ ለአንጎል ይነግራሉ። አንዴ የተጎዳ ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ የሚከዳውም በከፊል ይህ ወሬ ስለሚጓደል ነው።

ወለምታ የምንለው እንግዲህ የእነዚህ ክሮች መለጠጥ ወይም መበጠስ ነው። ብዙ ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚት ጅማት ይጎዳል። ብዙዎቻችን ወዲያው ወጌሻ ዘንድ ሄደን እንታሻለን። ትኩስ ጉዳትን መሳብና አጥብቆ ማሸት ግን የተረፉትን ክሮች ሊበጥስ፣ እብጠቱንም ሊያባብስ ይችላል። በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ደግሞ ስብራት ሊኖርበት ስለሚችል ራጅ መነሣት አለበት።

ሊጋመንት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ አዳኙ ጊዜ ነው። የጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ይብስበታል፤ የተበጠሱትን ጫፎች ሊያገናኝ የሚገባውን የረጋ ደም የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ያጥበዋል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ከዚያው ሰው ጭን ወይም ከጉልበቱ ሎሚ ሥር የጡንቻ ጅማት ወስደው በቦታው ይተክላሉ። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይዳከማል፤ ቀስ በቀስ ደም ሥርና አዲስ ሕዋሳት ገብተውበት ወደ ሊጋመንትነት ይለወጣል። ሕመሙ የሚጠፋው ከዚያ ቀድሞ ነው። ተጫዋቹ ድኛለሁ ብሎ ሊሮጥ ሲያምረው፣ ውስጡ ያለው ገመድ ገና እየተፈተለ ነው።