ሹራ ከመስጊድ እስከ ማዘጋጃ ቤት
የትንሽ ከተማ ምክር ቤት እንዴት ይዋቀራል? የሙስሊሙ ቤተሰብ ድርሻስ ምንድን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ደብረ ወርቅን ያገኛል። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ስሟ ይበልጥ የሚነሳው ከጥንታዊው የማርያም ቤተ ክርስቲያኗ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በምሥራቅ ጎጃም ዞን ሙስሊሞች ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ናቸው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ሙስሊሙ የሚኖረው በንግድና በእጅ ሥራ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ግድግዳና ቡና ተጋርቶ ነው።

ውድ አንባቢያን! የከተማው የውሃ ቦኖ የት እንደሚተከል፣ ገበያው የት እንደሚውል፣ የትኛው መንገድ ጠጠር እንደሚለብስ፣ ለመቃብር የሚሆን ቦታ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማን ነው? ብዙዎቻችን «መንግሥት ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን «መንግሥት» የምንለው በትንሽ ከተማ ውስጥ ስምና ወንበር ያላቸው፣ ከመካከላችን የወጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚሰየሙና በማን እንደሚጠየቁ ያላወቀ ሰው ለቤቱም ለጎረቤቱም ጉዳይ ደጅ ጥናት ብቻ ይቀረዋል።

መመካከር በኢስላም

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ውስጥ አንዱን ሱራ በሹራ ስም ሰይሞታል። በዚያ ሱራ በ38ኛው አንቀጽ ጉዳይን በመመካከር መፈጸም ከሶላትና ከምጽዋት ጎን ለጎን ከአማኞች መለያ ጸባዮች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛው አንቀጽ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ባልደረቦቻቸውን እንዲያማክሩ ታዘዋል። ይህ የወረደው ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። በዚያ ዘመቻ ዋዜማ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን አማክረው ከከተማ ውጭ መግጠም የሚለውን የብዙዎች ሐሳብ ተቀብለው ነበር። ሙስሊሞች ተጎድተው ቢመለሱም ምክክር አልተሻረም፤ እንዲያውም በትእዛዝ ጸና።

በኸንደቅ ዘመቻ ጉድጓድ የመቆፈሩ ሐሳብ የመጣው ከፋርስ ከመጣው ከሰልማን (ረ.ዐ) ነው። በሑደይቢያ ሶሓቦች ከኢሕራም ለመውጣት ባመነቱ ጊዜ መፍትሔ ያመለከቱት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ምክር ከባዕድ አገር ሰውም፣ ከሴትም ይደመጣል ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና በገቡ ጊዜ የተጻፈው የስምምነት ሰነድም ሙስሊሞችንና አይሁዶችን በአንድ ከተማ መብትና ግዴታ ያስተሳሰረ ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ከየት መጣ?

በአገራችን ከተሞች በሕግ የተደራጀ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው ሰፊ መሠረት የተጣለው በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተመሠረቱ። ቀበሌ ለነዋሪው በቅርብ የሚገኝ ሸንጎ ሆነ፤ በዚያው ልክ የቁጥጥር መሣሪያም ሆነ። አባቶቻችን ዛሬም «ስብሰባ» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው ያ ዘመን ትዝ ስለሚላቸው ጭምር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የአማራ ክልልም የከተሞቹን አደረጃጀት በአዋጅ ቁጥር 91/1996 ወስኗል።

ወንበሮቹ እነማን ናቸው?

ከተሞች እንደ ስፋታቸውና እንደ ገቢያቸው ደረጃ ይለያያሉ። እንደ ሞጣ የከተማ አስተዳደር ደረጃ የደረሱት የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከዚያ በታች ያሉት በማዘጋጃ ቤት እየተዳደሩ ከወረዳቸው ጋር ይያያዛሉ። የከተማ አስተዳደር አወቃቀር ባጭሩ ይህን ይመስላል፦

ምክር ቤት፦ በነዋሪው የሚመረጥ ሲሆን የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። በጀት ያጸድቃል፣ የሥራ ሪፖርት ይሰማል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ስብሰባውን የሚመራው አፈ ጉባኤው ነው።

ከንቲባና የከንቲባ ኮሚቴ፦ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ይመርጣል። ከንቲባው የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን አቅርቦ ያስጸድቃል፤ ተጠያቂነታቸውም ለምክር ቤቱ ነው።

ሥራ አስኪያጅ፦ የጽዳት፣ የመንገድ፣ የቄራ፣ የመቃብርና የመሳሰለውን የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት በሙያ የሚመራው ነው።

ቋሚ ኮሚቴዎች፦ የምክር ቤቱ ዓይንና ጆሮ ናቸው። መሥሪያ ቤቶችን ጎብኝተው ያዩትን ለጉባኤው ያቀርባሉ።

በወረዳና በቀበሌም ተመሳሳይ ምክር ቤቶች አሉ። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። ቁጥሩ ሰፊ ነው፤ ግን የቁጥር መብዛት ብቻውን ድምፅ አይሆንም። ከዚያ ቀጥሎ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዘመ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የአካባቢ አስተዳደርን ሥራ ክፉኛ ጎድቷል። ይህ ሁሉ ሕዝቡንና ተመራጩን የሚያገናኘው ክር ምን ያህል እንደሳሳ ያሳያል።

ያለ ምርጫ የሚገባባቸው በሮች

ከምክር ቤቱ ወዲህ ነዋሪው ሐሳቡን የሚያሰማባቸው ሌሎች መድረኮች አሉ። ብዙ ቤተሰቦች የሚዘነጓቸውም እነዚህን ነው።

የወላጅ መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። ልጃችን በሶላት ሰዓት ወይም በአለባበሷ ጉዳይ ችግር ቢገጥማት፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ወንበር ቢያጣ፣ መጀመሪያ መነጋገር የሚቻለው እዚያ ነው። ጤና ጣቢያም የሥራ አመራር ቦርድ አለው። ጤና ጣቢያው ከሕሙማን የሚሰበስበው ገቢ ለመድኃኒት ይሁን ለጥገና የሚወስነው ይህ ቦርድ ሲሆን የኅብረተሰቡ ተወካዮችም ይቀመጡበታል። የከተማ ውሃ አገልግሎትም እንዲሁ በቦርድ ይመራል። በነዚህ ቦታዎች የሚቀመጥ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ እጩ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያያል። በዚህም ምክንያት ጥቂት ሰዎች ለዓመታት ይቀመጡበታል፤ እኛ ደግሞ ከውጭ ሆነን እናማርራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። መጅሊስ የሙስሊሙ ሃይማኖታዊ ተቋም ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷል። የከተማው ምክር ቤት ግን የነዋሪው ሁሉ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። ስለዚህ ሙስሊም ተመራጭ ምክር ቤት የሚገባው እንደ ነዋሪ ነው። የክርስቲያን ጎረቤቱንም የቦኖ ወረፋ እንደ ራሱ ጉዳይ ሊከራከርለት ይገባል። አማና ማለት ይህ ነው።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

የመስጊድና የመቃብር ቦታ ጥያቄ በብዙ ከተሞች ለዓመታት ይንከባለላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለእምነት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጥ እንደሚችል ደንግጓል። ሆኖም የከተማው ፕላን ሲነደፍ ጥያቄውን በጽሑፍ ያላቀረበ ማኅበረሰብ ፕላኑ ካለቀ በኋላ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ያኔ ጥያቄው የፕላን ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሃይማኖት ክርክር ይሆናል።

ከዚህም የከፋ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ወደሙ። ድርጊቱን ሙስሊሙ በየከተማው በሰላማዊ ሰልፍ ተቃወመ፤ በርካታ ክርስቲያኖችም አወገዙት። የአጥፊው ጥፋት በአጥፊው ላይ ነው፤ በተጎጂው ላይ አይላከክም። ግን ከእሳት በፊት ወሬን የሚያጠራ፣ ወጣትን የሚያረጋጋ፣ ሼኩንና ቄሱን፣ ከንቲባውንና የፖሊስ አዛዡን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ የተለመደ መድረክ ያለው ከተማ ክፉ ቀን ሲመጣ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። የማይተዋወቁ ሰዎችን ግን በእሳት መሐል ማስተዋወቅ ይከብዳል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. ሕጉን ማወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመከርባቸው የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጡበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ወጣቶች ይህን ለወላጆቻቸው ያንብቡላቸው።

2. በጊዜ መጠየቅ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ካለቀ በኋላ «ድልድይ ይሠራልን» ማለት ለከርሞ መጠበቅ ነው።

3. በጽሑፍ መጠየቅ። ማመልከቻ ቀን ይኑረው፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ ቅጂው ይቀመጥ። የቃል አቤቱታ ከኃላፊው ጋር አብሮ ይዛወራል።

4. መቀመጥ። ለወላጅ መምህር ኅብረትም ሆነ ለጤና ጣቢያ ቦርድ ስንጠየቅ «ሥራ አለብኝ» አንበል። እህቶቻችንም ይቅረቡ፤ የውሃንና የሕክምናን ችግር ከእነርሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

5. በሕጉ ዕድሜ መጠቀም። 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ 21 የሞላው ሊመረጥ ይችላል። ምርጫ በመጣ ጊዜ ካርድ ማውጣት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

6. ጉቦና ዝምድናን መራቅ። ለራሳችን ሲሆን «እርዳታ»፣ ለሌላው ሲሆን «ሙስና» የምንለው ነገር በአላህ ዘንድ አንድ ነው።

ውድ አንባቢያን! የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች በነጃሺ ፊት በቀረቡ ጊዜ ጥቂትና እንግዶች ነበሩ። ሆኖም ጃዕፈር (ረ.ዐ) ጉዳያቸውን በጨዋነት፣ በግልጽ አስረድተው ፍትሕ አገኙ። በቁጥር ማነስ ዝም ለማለት ምክንያት አልሆናቸውም። በደብረ ወርቅም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም ሆነ በሌላ ከተማ የምንኖር ሁሉ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከኛ ሊማሩ ይገባል። ቤት ውስጥ በምሳ ማዕድ ዙሪያ ሐሳቡ የሚደመጥለት ልጅ ነገ በከተማው ጉባኤ መናገርን አይፈራም፤ የሌላውንም ማድመጥ አይከብደውም።

አላህ (ሱ.ወ) ለአገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቻችን ፍትሕን፣ ለኛም ተመካክሮ የመሥራትን ተውፊቅ ይስጠን። ኣሚን።