የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል በቤት ውስጥ፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ዓመት ከፊዚክስ ተማሪዎቻችን አንዱ ወደ ቢሮዬ መጥቶ በወረቀት ላይ የሣለውን ንድፍ አሳየኝ። በስድስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ተቀምጦ ወደየአቅጣጫው የሚያዘነብል የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ነበር። ሊሠራው ያሰበው በቤተሰቡ ግቢ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ለሞተሮቹ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሙ ሊልክለት ቃል ገብቷል። «ሞተሮቹ ስንት ኪሎ የሚያነሡ መሆን አለባቸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከማስላቴ በፊት «መሪውንስ ከምን ልትሠራው አስበሃል?» አልኩት። በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም አላሰበም ነበር።

በተለምዶ ሲሙሌተር እያልን የምንጠራው የበረራ ማስመሰያ ታሪኩ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የራሱን መሣሪያ የሠራው በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ፣ ፒያኖና ኦርጋን በሚያመርተው የአባቱ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ትንሿን አውሮፕላን መሰል ሣጥን የሚያዘነብላት ኦርጋኖቹን የሚያስጮኸው ዓይነት ወናፍ ነበር። በመጀመሪያ የገዙት የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር የፖስታ በረራን ተረክቦ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ውስጥ ተከስክሰው መሞት ሲጀምሩ፣ ጦሩ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎችን ገዛ። መሣሪያው ከላይ ሲዘጋ ሠልጣኙ ውጭውን ማየት አይችልም፤ የሚማረውም ሰውነቱን ሳይሆን ከፊቱ የተደረደሩትን የበረራ መለኪያዎች ማመን ነበር።

ሰውነት የማይታመንበት ምክንያት በጆሮአችን ውስጥ ይገኛል። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ያሉት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች በያዙት ፈሳሽ አማካይነት የጭንቅላትን መዞር ይለያሉ። አውሮፕላኑ ለሃያ ሰከንድ ያህል በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲዞር ግን ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል መሄድ ስለሚጀምር መዞሩ አይሰማም። በደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ቀጥ ብሎ የሚበር መስሎት እየዞረ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑን ሲያስተካክል ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ይመስለዋል።

ከቱቦዎቹ አጠገብ ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮችን ይዘዋል። ጠጠሮቹ ማዘንበልንም የፍጥነት ለውጥንም ይለካሉ፤ ሆኖም አንዱን ከሌላው መለየት አይችሉም። ይህም አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ካፈለቀው የስበትና የፍጥነት ለውጥ አቻነት ሐሳብ ጋር የሚገናኝ ነው። ለምሳሌ ለመነሣት የሚያኮበኩብ አውሮፕላን ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ቢጨምር፣ መንገደኛው የሚሰማው ወደ ኋላ የመገፋት ስሜት ወንበሩ በ12 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ቢያዘነብል ከሚሰማው ጋር አንድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ አብራሪዎቹን የሚያሠለጥንባቸውን የመሳሰሉ ትልልቅ ሲሙሌተሮች የሚሠሩት በዚህ ማታለያ ነው። ክፍሉ በስድስት እግሮች ላይ ቆሞ ለአጭር ጊዜ ወደፊት ይገፋል፤ ከዚያም ቱቦዎቹ ሊያውቁት ከሚችሉት ፍጥነት በታች ቀስ ብሎ ያዘነብላል። ሥራው ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንቅስቃሴው ከሥዕሉ በሰከንድ ሩብ ቢዘገይ ዓይንና ጆሮ ስለማይስማሙ የሚከተለው ማቅለሽለሽ ነው። የፕሮግራም ስሕተት ቢፈጠር ደግሞ ሞተሮቹ ሰው እንደ ተሸከሙ ወዴት እንደሚወረወሩ አይታወቅም። ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት ምክር ሞተሮቹን ለጊዜው እንዲተዋቸው ነበር። የማይንቀሳቀስ ክፍል መለኪያዎችን ማንበብን በሚገባ ያስተምራል። የጆሮን ማታለል ግን አያስተምርም፤ በእንዲህ ያለ ክፍል የተለማመደ ሰው ደመናን አውቄያለሁ ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል።

እንግዲህ መጀመር ያለበት እጅ ከሚይዘው ነገር ነው። እንደ ሴስና 172 ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሪው ከክንፎቹና ከጅራቱ ተንቀሳቃሽ አካላት ጋር በብረት ገመድ የተያያዘ በመሆኑ፣ አብራሪው በእጁ የሚሰማው የነፋሱን ግፊት ነው። ግፊቱም ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ በ60 ኖት ፍጥነት በአንድ ኪሎ ጉልበት የሚሳብ መሪ፣ በ120 ኖት ያንኑ ያህል ለመሳብ አራት ኪሎ ይጠይቃል። ለዶክትሬት ትምህርቴ በጀርመን አገር ሳለሁ አንድ አብራሪ ወዳጄ ከጎኑ አስቀምጦ መሪውን ባስያዘኝ ጊዜ ያስገረመኝ ይኸው ነበር። ለማረፍ ፍጥነታችንን ስንቀንስ መሪው በእጄ ውስጥ እየላላ ሄደ።

በቤት የሚሠራ መሪ በሞላ የሚመለስ ስለሆነ ክብደቱ በማንኛውም ፍጥነት አንድ ነው። ይህን ጉድለት ለጀማሪ ማስወገድ አይቻልም፤ ማወቅ ግን ይገባል። ውጤቱ በይበልጥ የሚታየው ትሪም በሚባለው ማስተካከያ ላይ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን አብራሪው መሪውን ባለበት ይዞ፣ ክብደቱ ከእጁ እስኪጠፋ ድረስ የትሪሙን ጎማ ያዞራል፤ እጁም ከቦታው አይነቃነቅም። በሞላ በሚሠራው ግን ጎማውን እያዞሩ እጅን ወደ መሐል መመለስ ያስፈልጋል። ወደፊት የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስብ ወጣት ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ የተለማመደው ነገር በኋላ መሰናክል ይሆንበታል።

ከሞላው የባሰ ጠላት ሰበቃ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያ የሠራሁት መሪ እንጨት በእንጨት ላይ የሚንሸራተት ሲሆን፣ ሞላዎቹን ያወጣሁት ከአሮጌ የሽቦ አልጋ ነበር። የቆመን ነገር ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚንሸራተተውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው እንደሚበልጥ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ሆኖም መሪዬ ሲነካ አልነሣም ብሎ ከተነሣ በኋላ ዘሎ ሲያልፍ፣ የአውሮፕላኑም አፍንጫ ሽቅብና ቁልቁል ሲል፣ ጥፋቱን በኮምፒዩተሩ ላይ አሳብቤ ሁለት ሳምንት አጠፋሁ። መፍትሔው የብረት ቱቦና ኩሽኔታ ነበር፤ ሁለቱም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛሉ። መሪው ሲያልቅ በሞላ ሚዛን ስበው ይለኩት፦ ከመሐል ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት እስከ ጫፍ ለመሳብ ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ እመክራለሁ።

የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ የራዲዮ ድምፅ መቀነሻው ማለት ነው። ከአርዱዊኖ ካርዶች ሊዮናርዶ የተሰኘው በኮምፒዩተሩ ዘንድ እንደ ጆይስቲክ ሊታይ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የሚደርሰውንም ቮልቴጅ በ1024 ደረጃዎች ይከፍለዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሌት አለ። ፖቴንሽዮሜትሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 270 ዲግሪ የሚዞር ሆኖ መሪው የሚያዞረው 60 ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ጥቅም ላይ የሚውሉት ደረጃዎች 227 ያህል ብቻ ናቸው። በትልቅና ትንሽ ጥርስ ወይም በቀበቶ አማካይነት እንቅስቃሴውን አራት እጥፍ ማድረግ ውድ መሣሪያ ከመግዛት ይሻላል። ፖቴንሽዮሜትሩ ውሎ አድሮ አቧራ ሲገባው ቁጥሩ መርገፍገፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ በማግኔት የሚሠራውን የሆል ሴንሰር መተካት ይቻላል፤ እርሱ የሚፋተግ አካል የለውም።

ስለ ወንበሩና ስለ ሣጥኑ ብዙ አልልም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ወንበርና ኮምፔንሳቶ ይበቃሉ፤ ዋናው ነገር መሪው፣ ፔዳሉና ዓይን ያላቸው ርቀት ከእውነተኛው ጋር መቀራረቡ ነው። ከፕሮግራሞች ፍላይትጊር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ መልክዓ ምድሩን አስቀድሞ ማውረድ ስለሚቻል ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይመረጣል።

ስክሪኑ ግን አንድ ስሌት ይጠይቃል። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስክሪን ከዓይን 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ በዓይን ላይ የሚይዘው ማዕዘን 46 ዲግሪ ነው። ፕሮግራሙ በዚህ መስኮት ውስጥ የ90 ዲግሪ እይታ ጨምቆ እንዲያሳይ ከተደረገ፣ ማኮብኮቢያው ከእውነተኛው ያነሰና የራቀ ይመስላል፤ አብራሪውም መሬት ገና ሩቅ ናት ሲል ይጋጫል። ተጨማሪ ስክሪን ከመግዛት በፊት በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ይህን ማዕዘን በትክክል መሙላት ምንም ወጪ የለውም።

ተማሪዬ ከሁለት ወር በኋላ መሪውን ሠርቶ ተመለሰ። ስሞታም ነበረው፦ በሴስና 172 ከቦሌ ሲነሣ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ይጨርሳል እንጂ እንደሚጠበቀው አይነሣም፤ ስለዚህ መሪዬ ተበላሽቷል ብሎ ፈታው። መሪው ደኅና ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ በባሕር ወለል 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ የሆነው የአየር እፍጋት በዚያ ወደ 0.97 ይወርዳል። ክንፉ ያንኑ ግፊት እንዲያገኝ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ 12 በመቶ ያህል በበለጠ ፍጥነት መሮጥ ይኖርበታል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን የሚለካው ግፊትን በመሆኑ እንደ ወትሮው ያነባል። ከዚህም በላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሳሳ ጉልበቱ ቀንሷል፤ ነዳጁም ካልተቀነሰ ድብልቁ ይወፍርና ጉልበቱን ይብሱን ያሳጣዋል። በእውነተኛው ሴስና ይህን የሚያስተካክለው ከጥቁሩ የጋዝ መስጫ አጠገብ ያለው ቀይ እጀታ ነው። ተማሪዬ በሠራው ሰሌዳ ላይ ጥቁሩ እንጂ ቀዩ አልነበረም። በሌላ ፖቴንሽዮሜትር ቀዩን ጨመረበት፤ አሁን የሚሠራው ፔዳሉን ነው።