የጨዋታ ቁም ሳጥን በቤት ውስጥ ስለ መሥራትና ብልሽቱን ስለ መፈለግ

ከማንበባችሁ በፊት

1. አንድ መሣሪያ አልሠራ ሲል በመጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?
2. የብልሽት ምልክትና የብልሽት ምክንያት በምን ይለያያሉ?

ምንባብ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚሠራው በሸንጎና በዳኝነት ብቻ አይደለም። የተበላሸ መሣሪያ ለሚጠግን ሰውም ይሠራል። መሣሪያው ሥራውን ባቆመ ጊዜ ምክንያቱን ሳያጠና ብሎኑን ሁሉ የሚፈታ፣ ሽቦውን ሁሉ የሚነቅል ሰው ብዙውን ጊዜ በአንዱ ብልሽት ላይ ሌላ ይጨምራል። ምክንያቱን ከሥሩ የሚከተል ሰው ግን ጊዜውንና ገንዘቡን ያድናል፤ መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ሕይወቱን ከአደጋ ይጠብቃል። ይህን የምርመራ ሥርዓት በምሳሌ ለማስረዳት፣ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን የአርኬድ ጨዋታ ቁም ሳጥን እንመለከታለን።

የቁም ሳጥኑ ምንነት

አርኬድ እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ሰው ከፊቱ ቆሞ የሚጫወትበት ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ነው። ከላይ የቴሌቪዥን መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጆይስቲክ የሚባለው መሪ ዘንግና ልዩ ልዩ ቁልፎች፣ ከታች ደግሞ ሳንቲም የሚገባበት ቀዳዳ አለው። በሕዝብ መዝናኛ ስፍራ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሒሳብ የሚከፈልበት በመሆኑ በከተሞቻችን የታወቀውን ጆተኒ ይመስላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፖንግ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በጃፓን ደግሞ ታይቶ በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን፣ ናምኮ በ1980 «ፓክ ማን»ን አወጡ። እነዚህም ጨዋታዎች በብዙ አገሮች ታወቁ።

በዚያን ጊዜ አንድ ቁም ሳጥን የሚያጫውተው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ጨዋታው የተቀረጸው በሳጥኑ ውስጥ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ላይ ነው። ሰሌዳዎቹ አርጅተው ሲበላሹና መለዋወጫ ሲታጣ ጨዋታው አብሮ ይጠፋል። ሌላ ቅጂ የሌለው የብራና መጽሐፍ ሲቃጠል ጽሑፉም አብሮ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ይህን ጥፋት ለመከላከል ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ኢሙሌተር የሚባለው አስመሳይ ፕሮግራም ነው። ከዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች መካከል በጣም የታወቀውን፣ «ሜም» የተባለውን፣ በ1997 ያወጣው ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች እየተባበሩ አሳድገውታል።

አስመሳይ ፕሮግራም የአሮጌውን መሣሪያ ጠባይ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ያሳያል። ለምሳሌ «ስፔስ ኢንቬደርስ» በተባለው ጨዋታ ከሰማይ የሚወርዱት ጠላቶች ቁጥራቸው ባነሰ መጠን የቀሩት ፍጥነታቸው ይጨምራል። ይህ የሚሆነው መሣሪያው ጠላቶቹን አንድ በአንድ በየተራ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ነው፤ ቁጥራቸው ሲቀንስ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳቸዋል። እንግዲህ አስመሳዩ ፕሮግራም የጨዋታውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የአሮጌውን መሣሪያ ፍጥነትም በትክክል መከተል አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አስመሳዩ ፕሮግራምና ጨዋታው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሜም»ን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ጨዋታዎቹ ግን የደራሲዎቻቸው ወይም የኩባንያዎቻቸው ንብረት ናቸው። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ይጠብቃል። ስለዚህ ባለቤታቸው የፈቀዳቸውን ወይም በሕጋዊ መንገድ የተገዙትን ጨዋታዎች ብቻ መጠቀም ይገባል።

አሠራሩ

ቁም ሳጥኑ አምስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የእንጨቱ ሳጥን፣ የመጫወቻው ገበታ፣ ኮምፒዩተሩ፣ መስኮቱ ከነድምፅ ማጉያው፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ኃይል መስጫው ናቸው። እነዚህን አምስት ክፍሎች በአእምሯችሁ ያዙ፤ በኋላ ብልሽት ስንፈልግ መንገድ ይመሩናል።

በመጀመሪያ፣ እንጨት ከመቆረጡ በፊት፣ ኮምፒዩተሩን በጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። ለዚህ ሥራ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል። በብሪታንያ በ2012 ለሽያጭ የቀረበው፣ የመታወቂያ ካርድ የሚያህለው ራስበሪ ፓይም ያገለግላል። ኮምፒዩተሩን ከመስኮቱና ከተራ የጽሕፈት ገበታ ጋር አገናኙና ጨዋታ ክፈቱ። «ሜም» ሲዘጋጅ ከጽሕፈት ገበታው ላይ 5 ቁጥር የሳንቲም ምትክ፣ 1 ቁጥር የጨዋታ መጀመሪያ ሆነው ተመድበዋል። ጨዋታው በጠረጴዛ ላይ በደንብ ከሠራና በሳጥኑ ውስጥ አልሠራ ካለ፣ ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ በተጨመረው ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ሳጥኑ ይሠራል። አናጢዎች ለዚህ የሚመርጡት 18 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። የመጫወቻው ገበታ ከወለሉ ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ቆሞ ለመጫወት ይመቻል። የቁልፎቹን አቀማመጥ በቅድሚያ በካርቶን ላይ ሥላችሁ እጃችሁን እያሳረፋችሁ ሞክሩ። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን ይገኛል፤ የተቦረቦረ እንጨት ግን አይመለስም። የቁልፎቹ ቀዳዳ እንደ ዓይነታቸው 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ስለሚኖረው፣ ቁልፎቹን ሳትለኩ እንጨቱን አትብሱ። በመጨረሻም ከሳጥኑ ጀርባ ከታችና ከላይ የአየር መተላለፊያ ክፈቱ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ይተካዋል።

ከዚያ በኋላ የሽቦው ሥራ ይከተላል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ሦስት እግሮች አሉት። አንደኛው የጋራ እግር ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ሲጫን ከጋራው ጋር የሚገናኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁልፉ ሲጫን ከጋራው የሚለያይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የጋራዎቹ እግሮች ከቁልፍ ወደ ቁልፍ በሚቀጣጠል አንድ ሽቦ ይያያዛሉ። ሲጫን የሚገናኘው እግር ግን በየራሱ ሽቦ ኢንኮደር ወደ ተባለው ትንሽ ሰሌዳ ይሄዳል። ኢንኮደሩም የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል። በእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ለጥፉ። ይህ የአንድ ሰዓት ድካም በኋላ የብዙ ቀን ፍለጋን ያስቀራል።

በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገናኛል። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ይህን ክፍል ሙያው ያለው ሰው ይሥራው። እናንተም ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። አሮጌና ወፍራም ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ፈጽሞ አትክፈቱ። በቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከ20 ሺህ ቮልት ሊበልጥ ይችላል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ይቆያል። ይህ አደጋ የሌለባቸው ጠፍጣፋ መስኮቶች አሉና በእነርሱ ተጠቀሙ።

ብልሽቱን ስለ መፈለግ

ቁም ሳጥኑ ተሠርቶ ሲያበቃ አንዳች ነገር እንቢ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አራት ደንቦችን አስታውሱ። አንደኛ፣ ያያችሁትን ምልክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ተበላሸ» ማለት አይበቃም፤ ምን፣ መቼ፣ ከምን በኋላ እንደሆነ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ከአምስቱ ክፍሎች የትኛው ንጹሕ እንደሆነ እየለያችሁ ፍለጋውን አጥብቡ። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ለውጣችሁ መሣሪያው ቢሠራ፣ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። አራተኛ፣ ያደረጋችሁትን ሁሉ መዝግቡ። የእነዚህ ደንቦች ጥቅም በሚከተሉት ምሳሌዎች ይታያል።

አንድ ቁልፍ ብቻ አልሠራም እንበል። ቁልፉን ለመለወጥ አትቸኩሉ። የእርሱን ሽቦና የደህናውን ጎረቤቱን ሽቦ በኢንኮደሩ ላይ አለዋውጧቸው። እንደ ቀድሞው ያው ቁልፍ አልሠራም ካለ ጥፋቱ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው። እርሱ ሠርቶ ጎረቤቱ ዝም ካለ ግን ጥፋቱ በኢንኮደሩ ወይም በፕሮግራሙ አመዳደብ ላይ ነው። በአንዲት መለዋወጥ የፍለጋው ስፍራ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ከስድስት ቁልፎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሠርተው የቀሩት ሦስቱ በአንድ ላይ ቢተዉስ? ሦስት ቁልፎች በአንድ ቀን ይበላሻሉ ማለት ያስቸግራል። የሚያገናኛቸው የጋራው ሽቦ ነው። እንግዲያው በሦስተኛውና በአራተኛው ቁልፍ መካከል ያለውን ሽቦ ተመልከቱ፤ የላላው ወይም የተበጠሰው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። እንዲሁም ማንም ሳይነካው የሚተኩስ ቁልፍ ካጋጠማችሁ፣ ሽቦው የታሰረው ሲጫን በሚለያየው በሦስተኛው እግር ላይ መሆኑን መርምሩ።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ያሳስታል። «ፓክ ማን»ን የሚጫወት ሰው «ማሽኑ ዘገየ፤ ስጠመዝዘው አይታጠፍልኝም» ብሎ ያማርር ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው የሚያውቀው አራት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መሪ ዘንጉ ግን ወደ ስምንት አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ እጅ ሳይታወቀው ወደ ማዕዘን ያዘነብላል። በብዙ መሪ ዘንጎች ሥር ያለውን ማገጃ ወደ አራት አቅጣጫ መመለስ ችግሩን ያስወግዳል። በሌላ በኩል የሁሉም ጨዋታ ምላሽ የሚዘገይ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር ጊዜ እየወሰደ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጨዋታ የተመደበ አሠራር ካለው ያን ምረጡ።

የምልክቱ ጊዜም ይናገራል። በመጀመሪያ በደንብ ሠርቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያዘግም ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት በዝቶበታል፤ የአየር መተላለፊያው ይታይ። በራስበሪ ፓይ መስኮት ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ብቅ ካለ የሚደርሰው ኃይል ከሚገባው 5 ቮልት ወርዷል ማለት ነውና ኃይል መስጫው ወይም ገመዱ ይለወጥ። ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ሳይዘጉ ስፒናውን መንቀልም ሚሞሪ ካርዱን ሊያበላሽ ይችላል።

ሌሎች ጨዋታዎች ሁሉ ተከፍተው አንዱ ብቻ አልከፈት ቢል ሽቦ አትንኩ። «ሜም» በየጊዜው ስለሚታደስ የጨዋታው ፋይል ከፕሮግራሙ እትም ጋር መስማማት አለበት። በመስኮቱ ላይ የሚወጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብልሽት ያልሆነውንም ከብልሽት ለዩ። የ«ፓክ ማን» መስኮት ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ ስለ ነበር፣ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ይታያል። ይህ የጨዋታው የቀድሞ መልክ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ የሚገኘው ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሰሌዳዎቹ ሲሞቱ ሊጠፋ የነበረው የሰው ልጅ የፈጠራ ሥራ ለተከታዩ ትውልድ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሠሪው ከምልክት ወደ ምክንያት በሥርዓት መጓዝን መማሩ ነው። ይህ ልማድ ያለው ወጣት ነገ ራዲዮ ቢሰጡት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቢሰጡት፣ መመርመሪያውን ከማንሳቱ በፊት ጥያቄውን ያስተካክላል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት ተርጕሙ።
1. አስመሳይ  2. መለዋወጫ  3. የጋራ ሽቦ  4. ማገጃ  5. ፍለጋውን አጥብቡ

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ኮምፒዩተሩ በቅድሚያ በጠረጴዛ ላይ የሚሞከረው ለምንድን ነው?
2. ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ ሥራ ቢያቆሙ ጥርጣሬው በጋራው ሽቦ ላይ የሚያርፈው ስለ ምንድን ነው?
3. ጸሐፊው አስመሳዩን ፕሮግራምና ጨዋታውን ለይቶ ያስረዳው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ «ከሆነ» ወይም «ቢ-» የገባባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁኔታውን የሚገልጸውንና ውጤቱን የሚገልጸውን ክፍል ለዩ።

መ. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ቢበላሽ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «እንግዲያው» እና «በመጨረሻ» የሚሉትን ቃላት በተገቢው ስፍራ አስገቡ።