ስንት ቢት ይበቃል?

ዲጂታል ሲግናልን የሚያስተናግድ ቺፕ ሥራው በአመዛኙ ማባዛትና መደመር ነው፤ የድምፅ ማጣሪያም ሆነ ራዳር የሚመካበት የፉሪየር ስሌት ከእነዚሁ ከሁለቱ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የዘርፉ ታሪክ በብዛት የማባዣ ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንድሩ ቡዝ በ1951 ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ቁጥሮችን በአንድ መንገድ የሚያባዛ ዘዴ አሳተመ። ክሪስ ዋላስ በ1964 ከፊል ብዜቶችን በተራ ከመደመር ይልቅ ሦስት ሦስቱን ወደ ሁለት እያሳነሰ በቶሎ የሚጨርስ ንድፍ አቀረበ። በመካከሉ፣ በ1959፣ ጃክ ቮልደር ለቢ-58 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኮምፒውተር የታሰበውን ኮርዲክን ይፋ አደረገ፤ ይህ ዘዴ ሳይንና ኮሳይንን የሚያገኘው ያለ ማባዣ፣ ቢት በማሸጋሸግና በመደመር ብቻ ነው። ሁሉም ያተኮሩት ጊዜና ቦታ በመቆጠብ ላይ ነበር። ስንት ቢት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ግን የበለጠ ይከብዳል። የእኔ ሙግት፣ መልሱ ቢት ማብዛት ሳይሆን ስህተት የሚጠራቀምበትን ቦታ ለይቶ እዚያ ላይ ብቻ መለገስ ነው የሚል ነው።

እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት ከማጠጋጋት የሚመጣውን ኖይዝ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የማባዣው ስፋት ግን በቢቶቹ ካሬ ልክ ያድጋልና ከ8 ወደ 16 ቢት ማለፍ ቦታውን ወደ አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቲኤምኤስ32010 ይህን አመዛዝኗል፤ ማባዣው 16 በ16 ሲሆን የድምር ማጠራቀሚያው 32 ቢት ነው። ብዜቶቹ ሳይቆረጡ ይደመራሉ፣ ማጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ አንዴ ይመጣል። የተቃራኒው ምሳሌ መራራ ነው። በፌብሩዋሪ 1991 ዳህራን፣ ሳዑዲ አረቢያ የነበረው የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ባትሪ የሰከንድን አንድ አሥረኛ በ24 ቢት ቆርጦ ስለያዘ፣ ከ100 ሰዓት በኋላ የ0.34 ሰከንድ ስህተት አጠራቀመ፤ ስከድ ሚሳይሉ አመለጠው፣ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ልብ በሉ፣ ጊዜን በተሻለ ትክክለኛነት የሚቀይር ክፍል ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጥፋቱ በሁሉም ቦታ አለመግባቱ ነው።

ትራንዚስተር ረክሷልና ሁሉንም በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ማስላት አይሻልም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ባቀረበው ግምት መሠረት፣ በ45 ናኖሜትር ቺፕ እንዲህ ያለ አንድ ብዜት 3.7 ፒኮጁል ሲፈጅ የ8 ቢት ኢንቲጀር ብዜት 0.2 ብቻ ይፈጃል። የጎግል የመጀመሪያው ቲፒዩ 65,536 ባለ 8 ቢት ማባዣዎችን መደርደር የቻለውም ጠባብ ቁጥር ስለመረጠ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከውጭ ማስታወሻ ቁጥር ማምጣት ከማባዛቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ኃይል ይበላል። ይህ እውነት ነው፣ ነገር ግን ጠባብ ቁጥር በአንድ ጉዞ በብዛት ስለሚመጣ ክርክሩን ያጠናክረዋል። የምቀበለው አንድ ነገር አለ፤ የቢት ርዝመት መወሰን የመሐንዲስ ጊዜ ይበላልና በጥቂት ብዛት ለሚመረት መሣሪያ ተንሳፋፊ ነጥብ ይሻላል። ውጤቱን መልሶ ወደ ራሱ በሚያስገባ ማጣሪያ ግን፣ ግብዓቱ ዜሮ ሆኖ ሳለ ማጠጋጋቱ ብቻ የማያባራ ትንሽ ውዝዋዜ ሊፈጥር ይችላል። እዚያ ላይ ከቢቱ ብዛት እኩል የሚያስፈልገው ቁጥሩን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚቆርጡት ማወቅ ነው፤ ወደ ዜሮ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ውዝዋዜውን ያጠፋል፣ በምትኩ ኖይዙን ከፍ ያደርጋል።