ከአብሾ እስከ ጫት፦ የተማሪን አእምሮ ምን ይደግፈዋል?

በጎጃም የቅኔ ቤቶች አካባቢ ስለ አብሾ ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ትምህርት አልገባው ያለ ተማሪ ይህን ከዕፅ የሚዘጋጅ መጠጥ ከቀመሰ አእምሮው እንደሚከፈትለትና የሰማውን ሁሉ እንደሚይዝ ሲነገር ኖሯል። መዘዙም አብሮ ይነገራል፤ አብሾ የጠጣ ሰው ኋላ አረቄ ሲቀምስ “አብሾው ተነሣበት” ይባላል።

የአብሾ አዘገጃጀት እንደ ተራኪው ይለያያል። ስሙ አብሮት የሚነሣው ተክል ግን አስተናግር ነው፤ በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ ረዘም ያለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። ይህ ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሁለቱም የሚሠሩት አሴቲልኮሊን የተባለውን ኬሚካል መንገድ በመዝጋት ነው። አሴቲልኮሊን ደግሞ የነርቭ ሕዋሳት አዲስ ነገር ሲይዙ ከሚገለገሉባቸው መልእክተኞች አንዱ ነው። ተመራማሪዎች የመርሳት ችግርን በቤተ ሙከራ ለማጥናት ሲፈልጉ ስኮፖላሚንን የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጊዜው ያስረሳልና። ለማስታወስ ተብሎ የሚጠጣው ነገር የማስታወስን በር ይዘጋል ማለት ነው። መጠኑ ከበዛ ቅዠት ያመጣል፣ ልብን ያጣድፋል፣ ይገድላልም።

አብሾ የድሮ ወሬ ይመስል ይሆናል። ከጀርባው ያለው እምነት ግን ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ውስጥ አለ፦ አእምሮ አልሠራም ሲል በኃይል ማሠራት ይቻላል የሚለው። መሣሪያው ተቀየረ እንጂ፤ ጫት፣ ተደጋጋሚ ቡና፣ በፈተና ዋዜማ ሳይተኙ ማደር። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው፤ የተጨነቀ አእምሮ የሚሻው ግፊት ሳይሆን ድጋፍ ነው።

ጭንቀት እንዴት ይለካል?

የዛሬውን ተማሪ ጫና ለማየት እዚያው ጎጃም ያለውን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ፤ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ትምህርት ሚኒስቴር ከየአካባቢው የመደባቸውን ወጣቶች ትቀበላለች። ለብዙዎቹ ከወላጅ ቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከቆላ የመጣው ብርዱን መልመድ አለበት፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነው ደግሞ ቋንቋውን። በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ፣ ሁሉም አንደኛ ይወጣ በነበረበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ጫናው ከግቢው በፊት ይጀምራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሬሜዲያል ትምህርት መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨመረ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ተማሪው የቤተሰቡን ደኅንነት እንኳ ሳያውቅ የሚሰነብትበት ጊዜ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ አደገኛ በሆነ ዕድሜ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ድረስ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና በ8 አገሮች የሚገኙ 19 ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ያካተተ ጥናትም፣ ከአዲስ ገቢዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ የአንድ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች እንደታዩባቸው መዝግቧል።

በአገራችን በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። መልሱ “አዎ” ወይም “የለም” ነው፤ የሚጠየቀውም ስላለፈው አንድ ወር ነው። በዚህ መጠይቅ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 21.6 በመቶ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት 40.9 በመቶ ተማሪዎች የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው ተገምቷል። ቁጥሮቹ የተራራቁት የጥናቱ ጊዜ፣ ግቢውና ተሳታፊዎቹ ስለሚለያዩም ነው። መጠይቁም ቢሆን በቅርበት መታየት ያለበትን ሰው ይጠቁማል እንጂ የበሽታ ስም አይሰጥም።

ከጥያቄዎቹ የመጀመሪያው ስለ ራስ ምታት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ የሆድ አለመመቸትና ቶሎ መድከምም ይጠየቃሉ። “ጭንቀት ይዞኛል” የማይል ተማሪ “ጨጓራዬ ነው፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ” ይላል። ወደ ግቢው ክሊኒክም የሚሄደው ለጨጓራው ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የሚያዝለት ባለሙያ ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ አንድ ሁለት ጥያቄ ቢጨምር ብዙ ነገር ይገለጣል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

አደጋ ሲሰማን አንጎል ለኩላሊት አናት ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ እነሱም አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ከአውሬ ለማምለጥ ነው፤ ሰውነታችን ግን ጅብንና የካልኩለስ ፈተናን ለይቶ አያውቅም።

ጥቂት ጭንቀት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ መጠነኛ ጫና ትምህርትን እንደሚያፋጥን፣ ከልክ ሲያልፍ ግን በተለይ ከባዱን ትምህርት እንደሚያበላሽ አዩ። ጫናው ለሳምንታት ሲቀጥል ጉዳቱ ሌላ መልክ ይይዛል። አዲስ ትውስታ የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ለኮርቲሶል ስስ ነው። ማቀድና ስሜትን መግታት የሚችለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ዕድገቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። አጥንቶ የገባ ተማሪ ወረቀቱን ሲያይ ሁሉም ነገር የሚጠፋበት ከስንፍና አይደለም፤ የማስታወሻው መንገድ በዚያች ሰዓት ተጨናንቆ ነው።

ሳይተኙ ማደር ምን ያስከፍላል?

ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ የሚጫነን በእሱ ነው። ቡና አዴኖሲንን አያስወግደውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል እንጂ። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው።

ጫት ከዚህ ይከብዳል። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ቃሚ ሁሉ ትኩሱን ይፈልጋል። ዶፓሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ በምርቃናው ሰዓት ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል። በማግስቱ ግን ድካሙ፣ ብስጭቱና ድብርቱ ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ የቀረውን እንቅልፍ ያውከዋል።

ኪሳራው በድካም ብቻ አይቆምም። ቀን የተማርነው ነገር ሥር የሚሰደው በእንቅልፍ ነው። በጥልቅ እንቅልፍ ሂፖካምፐስ የቀኑን ትምህርት መልሶ እየደገመ ለዘላቂው ማኅደር ያስረክባል። ሳይተኛ ያደረ ተማሪ ሌሊቱን ያነበበውን ብቻ ሳይሆን ቀን የተማረውንም ያጣል። እንቅልፍ ማጣት በበኩሉ ስሜትን ያሻክራል፤ የሻከረ ስሜት እንቅልፍ ይነሣል፤ አዙሪቱም ይቀጥላል።

ለጥናት ራሱ የተሻለ መንገድ አለ። በሥነ ልቦና ጥናቶች በተደጋጋሚ የተረጋገጠው፣ አንድን ገጽ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ፣ ያንንም በአንድ ሌሊት ሳይሆን በተለያዩ ቀናት ማድረግ የበለጠ እንደሚያስይዝ ነው። የአብነት ተማሪ በቅጸላ ሲያደርገው የኖረውም ይኸው ነው፤ ቀለሙን ከቃሉ አውጥቶ ደጋግሞ ማለት።

ከጓደኛ እስከ ሐኪም

የአእምሮ ሐኪም በአገሪቱ ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረውም ገና እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሐኪም ባይኖር ምን ይደረጋል የሚል ይሆናል።

ጥሩ መልስ ከዚምባብዌ መጥቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አሮጊቶችን አሠለጠነ። ከጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን ራሱ እንዲመርጥ ያደርጋሉ፤ መፍትሔዎችን አብረው ይዘረዝራሉ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሠራ አንዲት ትንሽ እርምጃ ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን አሳትፏል። ከ6 ወር በኋላ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት መካከል ግማሽ ያህሉ አሁንም የድባቴ ምልክት ሲኖራቸው፣ በአግዳሚው ካለፉት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በአገራችንም የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጡት እንክብካቤ በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል።

ለግቢው የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪ ሲከፋው ቀድሞ የሚያየው የዶርም ጓደኛው ነው። ይህን ጎጃም ያውቀዋል። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስና በዋሸራ ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ የኔታ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀለሙን የሚያሰማለት አስነጋሪ አለ፤ ጎጆ የሚጋራው ባልንጀራም አለ። ከፍ ያለ ተማሪ ዝቅ ያለውን ይዞ ማሻገር በዚያ ትምህርት ሥርዓት እንጂ ቸርነት አልነበረም። በዩኒቨርሲቲም ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያሉ ተማሪዎችና ፕሮክተሮች ማዳመጥን፣ ችግርን መከፋፈልንና ወደ ባለሙያ መምራትን ቢሠለጥኑ የመጀመሪያው ደረጃ ይቆማል። የግቢው የምክር አገልግሎትና ክሊኒኩ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በከተማዋ ሆስፒታል የሚሰጠው የሥነ አእምሮ ሕክምና ነው።

ጓደኛ መምከር አይጠበቅበትም። “አይዞህ፣ ጠንክር” ብሎ ወሬ ከመቀየር፣ “ምን ሆነህ ነው? እስኪ ንገረኝ” ብሎ ዝም ማለት ይበልጣል። ከዚያ አንድ ነገር አብሮ ማድረግ፦ ካፌ ይዞ መሄድ፣ ወደ ስታዲየም ወጣ ብሎ መራመድ፣ የቀረችውን አሳይመንት መጀመር። ድባቴ የያዘው ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ ከጠበቀ አይነሣም፤ ሲንቀሳቀስ ነው ፍላጎቱ የሚከተለው።

ሳይዘገይ ወደ ባለሙያ መሄድ ያለበትም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስታ ያጣ፣ መብላትና መተኛት ያቃተው፣ ክፍል መግባት ያቆመ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መሞትን የሚያነሣ። “ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?” ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ጥናቶች የሚያሳዩት የተጠየቀው ሰው እንደሚቀለው ነው። “አዎ” ካለ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ብዙ ቤተሰብ ልጁን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጠበል ነው። ጠበሉና መድኃኒቱ መጣላት የለባቸውም፤ በአዲስ አበባ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጠበል ቦታ አገልጋዮች ጋር አብረው የሠሩበት ልምድ አለ። የሚጎዳው መድኃኒትን አቋርጦ መጠመቅ ነው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። ለአዲስ ገቢዎች ግቢው በሚተዋወቅበት ሳምንት ካፌውና ላይብረሪው ሲታይ የምክር ክፍሉም ይታይ፤ ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ያኔ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይሞላ፤ ውጤቱ ከመዝገብ ቤትና ከትምህርት ክፍል ተለይቶ በምስጢር ይያዝ። ተማሪው “ተጨነቅሁ” ማለቱ ነገ እንደማይቆጠርበት እርግጠኛ ካልሆነ ግን የተከፈተው ቢሮ ባዶ ይውላል፤ ጨጓራዬ ነው እያለም ክኒኑን ሲወስድ ይከርማል።